ቤታ ዓሣ ቶሎ አይሞትም፤ ስህተታችን የሚጀምረውም ከዚያ ነው

የመጀመሪያ ቤታዬን የገዛሁት ሐምሌ ላይ ነው፣ አዲስ አበባ ዝናቡ ሌት ተቀን በሚወርድበት ሰሞን። ደማቅ ቀይ ነበር። ጅራቱ ከሰውነቱ ይረዝማል፤ ሲዞር እንደ ሐር ሻርፕ ይከተለዋል። ሻጩ በላስቲክ ከረጢት አስሮ ሰጠኝና «ይሄ እንደሌሎቹ አይደለም፣ ብርጭቆ ውስጥም ይኖራል፣ ምንም አያስቸግርህም» አለኝ። አመንኩት። ቤት ወስጄ 3 ሊትር የማትሞላ የጠርሙስ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ጨመርኩትና ቡፌ ላይ አስቀመጥኩት። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ውይ ሲያምር!» ይባላል።

አምስት ወር ኖረ። ያሳሳተኝም ያ አምስት ወር ነው። አንድ ቀን ጠዋት ከላይ ሳየው ሆዱ ተነፍቷል፣ ቅርፊቶቹ ከቆዳው ተነስተው ቆመዋል፣ ልክ ብርድ የመታት ዶሮ ላባዋን እንደምትነፋው። በሦስተኛው ቀን ሞተ። ያን ጊዜ «ዕድሜው ነው» ብዬ ተውኩት። ዕድሜው አልነበረም። በአግባቡ የተያዘ ቤታ 3 ዓመት ገደማ ይኖራል፣ አንዳንዱም 4 ይደፍናል። እኔ ያንን ዓሣ አምስት ወር ሙሉ ቀስ በቀስ ነው የገደልኩት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ቤታ አሳድጌያለሁ፣ ከሌሎች አሳዳጊዎችም ጋር ብዙ አውርቻለሁ። ስህተቶቻችን ብዙ ቢመስሉም ምንጫቸው አንድ ነው። ሌላ ዓሣ በሁለት ቀን በሚሞትበት ውሃ ውስጥ ይሄኛው ወራት ይቆያል፤ እኛም መቆየቱን እንደ መመቸት እንቆጥረዋለን።

የሚቆይበት ምክንያት ደግሞ ጭንቅላቱ ውስጥ ነው ያለው። ከስንጥቡ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ ከሚተነፍስበት አካል፣ በላይ ላቢሪንት የሚባል እጥፍጥፍ አካል አለው፤ በሱ ኦክስጅንን በቀጥታ ከአየር ይወስዳል። ጠጋ ብላችሁ እዩት። ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፣ አፉን ብቻ ከውሃው ብቅ አድርጎ አንዴ ሳብ ያደርጋል፣ ሲወርድ ከስንጥቡ ሥር አንዲት ትንሽ አረፋ ታመልጣለች። ከላይ አየር ካላገኘ ውሃው የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ይታፈናል። ይሄ አካል ከመታፈን ያድነዋል። ከብርድና ከመርዝ ግን አያድነውም።

«ትንሽ ቦታ ይበቃዋል»

ይሄን የማይል ሻጭ አላጋጠመኝም። ማስረጃውም ሁሌ አንድ ነው፦ «አገሩ ላይ ኩሬ ውስጥ፣ የከብት ኮቴ ባቆረው ውሃ ውስጥ ነው የሚኖረው»።

አገሩ ታይላንድ ነው። በቻኦ ፍራያ ወንዝ ተፋሰስ፣ በሩዝ ማሳዎችና ሣር በሞላባቸው ረግረጎች ውስጥ ይኖራል። ታይላንዶች ፕላ ካት ይሉታል፣ የሚናከስ ዓሣ እንደማለት ነው፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአገራቸው ብሔራዊ የውሃ እንስሳ ብለው አውጀውታል። የሩዝ ማሳ ውሃው ጥልቀት የለውም፣ እውነት ነው። ግን ስፋቱን አስቡት። ከጫፍ እስከ ጫፍ የተያያዘ፣ ሞቃት፣ ተክል የሞላበት ውሃ ነው። በበጋ ውሃው ሲሸሽ ጥቂት ዓሦች ጉድጓድ ውስጥ ይቀራሉ፣ ዝናብ እስኪመጣ ድረስም አየር እየሳቡ ይታገላሉ። ሰው በድርቅ ዘመን ቅጠል ቀቅሎ በላ ብለን ምግቡ ቅጠል ነው እንላለን?

ለአንድ ቤታ ቢያንስ 20 ሊትር ያዙለት። ከ10 ሊትር በታች ያለውን ነገር ሁሉ እርሱት። ምክንያቱ መዋኛ ብቻ አይደለም። ትንሽ ውሃ ቶሎ ይቆሽሻል፣ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ቶሎም ይሞቃል። አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰሞን ቤታን በአበባ ማስቀመጫ ውስጥ አድርጎ ከላይ ተክል መሰካት ፋሽን ሆኖ ነበር፤ ሥሩን እየበላ ይኖራል እየተባለ። ቤታ ሥር አይበላም። ሥጋ በል ነው።

ብርዱን አለመቁጠር

እኛ አገር፣ በተለይ ደጋው ላይ፣ ቤታን የሚገድለው አንደኛ ነገር ይሄ ይመስለኛል። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የታይላንድ ዋና ከተማ ባንኮክ ዓመቱን ሙሉ ሞቃት ናት። ቤታ የሚፈልገው ውሃ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ነው፤ እኔ 26 ላይ አደርገዋለሁ። አዲስ አበባ በክረምት፣ ወይም በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት፣ ሳሎን ውስጥ የቆመ ውሃ 17 እና 18 ዲግሪ ይሆናል። ለኛ ጋቢ አለን። ዓሣው ግን የሰውነቱ ሙቀት የውሃው ሙቀት ነው፣ ሌላ የለውም። ውሃው ሲቀዘቅዝ ምግብ መፍጨት ይቀንሳል፣ በሽታ የመከላከል አቅሙ ይወርዳል፣ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ታች ጠጠሩ ላይ ተኝቶ ይውላል። እኛ ደግሞ «ረጋ ያለ ዓሣ ነው» እንላለን። ቤታ ረጋ ያለ ዓሣ አይደለም። ሲሞቀው ጣታችሁን መስታወቱ ላይ ስታደርጉ ተከትሎ የሚመጣ፣ ምግብ ሊመጣ መሆኑን የሚያውቅ፣ የሚጠይቅ ፍጡር ነው።

ስለዚህ ሂተር፣ ውሃ ውስጥ ገብቶ የሚያሞቀው መሣሪያ፣ የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ዓሣውን ከመግዛታችሁ በፊት ሂተሩን ግዙ። በየትም አገር የሚነገረው ስሌት ለአንድ ሊትር 1 ዋት የሚል ነው፤ እሱ ግን ለሞቀ ቤት ነው። በኛ ብርድ ለ20 ሊትር 50 ዋቱን ውሰዱ፣ ሙቀቱን ራሱ የሚቆጣጠረውን። ሂተሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አትመኑ፣ ለብቻው ቴርሞሜትር አስገቡ። ውሃ ስትቀንሱ አስቀድማችሁ ሂተሩን ንቀሉ፣ ከውሃ ውጭ እየጋለ ከቆየ ጠርሙሱ ይሰነጠቃል። አገር ውስጥ ካጣችሁ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ላይ ከሽቶና ከጫማ ይልቅ ሂተርና ቴርሞሜትር እዘዙ፣ ኪሎም አይበላም።

መብራት ሲጠፋስ? አንድ ሌሊት ከማታ 2 ሰዓት እስከ ንጋት ጠፍቶብኝ ያውቃል። አኳሪየሙን በጋቢ ጠቀለልኩት፣ ከላይ አየር የሚገባበት ትንሽ ክፍተት ተውኩ። ሁለት ሃይላንድ ላይ ትኩስ ውሃ ሞልቼ ክዳኑን ጥብቅ አድርጌ ውሃው ላይ አንሳፈፍኩ፣ በየሁለት ሰዓቱ እየተነሳሁ ቀየርኩ። ጠዋት ቴርሞሜትሩ 23 ያሳይ ነበር። የፈላ ውሃ በቀጥታ አትጨምሩ፤ ድንገተኛ ለውጥ ከብርዱ የባሰ ነው።

በየሳምንቱ ሁሉንም አፍስሶ ማጠብ

ከመጥፎ ሰው የሚመጣ ስህተት አይደለም፣ ከንጹሕ ሰው ነው የሚመጣው። ቅዳሜ ጠዋት ዓሣውን በኩባያ ያወጡታል፣ ሳህኑን በሳሙና ያሹታል፣ ጠጠሩን በበረኪና ያጥቡታል፣ ከቧንቧ አዲስ ውሃ ይሞላሉ፣ ዓሣውን ይመልሱታል። ያብለጨልጫል። ዓሣው ግን በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር ደርሶበታል።

አንደኛው ክሎሪን ነው። ለኛ ከተቅማጥ የሚጠብቀን ክሎሪን የሱን ስንጥብ ያቃጥላል። የክሎሪን ማስወገጃ ጠብታ ካገኛችሁ እሱን ተጠቀሙ። ካላገኛችሁ ውሃውን በባልዲ ቀድታችሁ ክፍት አድርጋችሁ ከ24 እስከ 48 ሰዓት አቆዩት። ክፍት ያልኩት ለምክንያት ነው፤ ክዳኑ የተዘጋ ጀሪካን ውስጥ ክሎሪኑ የሚሄድበት የለውም። ውጭ የምትኖሩ ግን ተጠንቀቁ፦ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ውሃው ላይ የሚጨመረው ክሎራሚን ነው፣ እሱ በማቆየት አይጠፋም፣ ጠብታው ግድ ነው።

ሁለተኛው የሙቀት ድንጋጤ ነው። ከቧንቧ ወይም ከሮቶ የወረደ ውሃ በረዶ ነው። የአዲሱን ውሃ ሙቀት ከአሮጌው ጋር አመሳስሉት፣ ቢበዛ በሁለት ዲግሪ ቢለያይ ነው።

ሦስተኛው በዓይን አይታይም፣ ዋናው ግን እሱ ነው። ዓሣ በስንጥቡና በኩሱ አሞኒያ ያስወጣል፣ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ መርዝ ነው። በጤናማ አኳሪየም ውስጥ ይሄን የሚበሉ ባክቴሪያዎች አሉ፤ አንዱ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፣ ናይትራይቱም መርዝ ነው፣ ሌላው ወገን ደግሞ እሱን ወደ ናይትሬት ይለውጣል፣ ናይትሬት እስካልበዛ ድረስ ብዙም አይጎዳም። እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚኖሩት ውሃውን የሚያጣራው የፊልተሩ ስፖንጅ ላይ፣ ጠጠሩ ላይ፣ መስታወቱ ላይ ነው። በረኪና ሲነካቸው ያልቃሉ። እኛ ያጸዳን ሲመስለን ቤቱን የሚያጸዱለትን ሠራተኞች ነው የገደልነው። እንደገና እስኪባዙ ዓሣው የራሱ መርዝ ውስጥ እየዋኘ ይቆያል፣ እነሱ ሊበረክቱ ሲሉ ደግሞ ሌላ ቅዳሜ ይመጣል።

እርሾ ሁሌ እየጣሉ ሊጥ እንዲቦካ መጠበቅ ነው። ከድሮው ትንሽ ማስቀረት እንዳለብን ለእንጀራ ሲሆን እናውቃለን፤ እዚህም ያው ነው።

ታዲያ እንዴት ይሁን? በሳምንት አንዴ ሩቡን ውሃ ብቻ ቀይሩ። ፊልተሩ ሲደፈን ስፖንጁን ከአኳሪየሙ በቀዳችሁት አሮጌ ውሃ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርጋችሁ መልሱት፣ ቧንቧ ሥር አትያዙት። አዲስ አኳሪየም ስትጀምሩ ደግሞ ዓሣ ሳታስገቡ ፊልተሩንና ሂተሩን አሠሩ፣ በየቀኑ ቆንጠር አድርጋችሁ የዓሣ ምግብ ጨምሩ፣ እንዲበሰብስ። ባክቴሪያው ተባዝቶ እስኪበቃ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። የውሃ መመርመሪያ ያለው ሰው አሞኒያና ናይትራይት ሁለቱም ዜሮ ሲሆኑለት ዓሣውን ያስገባል። ጤነኛ አኳሪየም ያለው ጓደኛ ካላችሁ ከፊልተሩ ቁራጭ ስፖንጅ ለምኑት፣ ጊዜው በጣም ያጥራል። ባዶ አኳሪየም ሳምንታት ማየት ከባድ ነው፣ ልጆች ካሉ ደግሞ ይብሳል። ግን ዓሣ ሲሞትባቸው ከሚያለቅሱት አይብስም።

ምግብ ማብዛት፣ ዳቦ መወርወር

ቤታ የትንኝ እጭ፣ ትንንሽ ነፍሳት፣ ትል የሚበላ ዓሣ ነው። አፉን እዩት፣ ወደ ላይ የተቀደደ ነው፣ ከውሃው ወለል ላይ ለቅሞ ለመብላት የተሠራ። ዳቦ፣ ሩዝ፣ የእንጀራ ፍርፋሪ ለሱ ምግብ አይደለም። ለቤታ ተብሎ የተሠራውን ድቡልቡል ምግብ ግዙ፣ ከተቻለ ደግሞ በሳምንት ሁለት ጊዜ የደረቀ ወይም የቀዘቀዘ እጭ፣ ወይም ዳፍንያና አርቴሚያ የሚባሉትን ጥቃቅን የውሃ ፍጥረታት ጨምሩለት።

ጠዋት ሦስት ፍሬ፣ ማታ ሦስት ፍሬ። በቃ። «እየለመነኝ እኮ ነው» ትላላችሁ። ይለምናል፣ ሁሌም ይለምናል፣ ልመናው ረሃብ አይደለም። ሆዱ ሲያብጥ አንድ ቀን አጹሙት። በሁለት ደቂቃ ያልበላውን ለቅማችሁ አውጡ፣ አለበለዚያ አሞኒያ ሆኖ ይመለሳል።

«ብቻውን ደበረው» ብሎ ጓደኛ ማምጣት

ይሄ ከርኅራኄ ነው የሚመጣው፣ ይገባኛል። እኛ ብቻውን የሚበላ ሰው እንኳ አይጥመንም። ቤታ ግን ሌላ ነው። በቀድሞዋ ሲያም፣ በዛሬዋ ታይላንድ፣ ይሄን ዓሣ እያዋጉ ይወራረዱበት ነበር፤ ለብዙ ትውልድም የሚመረጠው ኃይለኛው ነበር። የሲያሙ ንጉሥ ራማ ሦስተኛ ከነዚህ ዓሦች ጥቂቱን ለአንድ ሰው ሰጡ፣ ሰውዬው ደግሞ ለዴንማርካዊው ሐኪም ለቴዎዶር ካንቶር አሳለፈ፤ ካንቶር በ1849 እ.ኤ.አ. ስለ ዓሣው ጻፈ። ዛሬ የሚታወቅበትን ቤታ ስፕሌንደንስ የሚለውን ሳይንሳዊ ስም ያወጣለት እንግሊዛዊው ቴት ሪገን ነው፣ በ1910 እ.ኤ.አ.። ስፕሌንደንስ የሚያንጸባርቅ ማለት ነው። የዱሩ ቤታ ግን ክንፉ አጭር፣ መልኩም ዳለቻ ነው፣ የሚያበራው ሲቆጣ ብቻ ነው። ያ ሁሉ ቀይና ሰማያዊ፣ ያ ሁሉ ረጅም ጅራት፣ በሰው ምርጫ የመጣ ነው።

ስለዚህ ሁለት ወንድ በአንድ አኳሪየም በፍጹም። ወንድና ሴትም አብረው አይኖሩም፤ ለመራባት ለአጭር ጊዜ ያገናኟቸዋል፣ ያንንም የሚያውቅበት ሰው ነው የሚያደርገው፣ እንቁላሏን ጥላ እንደጨረሰች ሴቷን ማውጣት ግድ ነው። ጋፒ የሚባለው ትንሽ ዓሣ ጅራቱ ስለሚያምር ቤታ ባላንጣ ይመስለዋል። ታይገር ባርብ የሚባለው ዓሣ ደግሞ በተራው የቤታውን ክንፍ እየነጨ ይጨርሰዋል። ወርቅማ ዓሣ ቀዝቃዛ ውሃ ይወዳል፣ ያቆሽሻል፣ ያድጋል፤ ሁለቱን ማገናኘት ሁለቱንም መጉዳት ነው።

40 ሊትርና ከዚያ በላይ ካላችሁ ታች የሚኖሩ ኮሪዶራስ የሚባሉ ትንንሽ ዓሦች፣ ወይም ራስቦራ የሚባለውን ትንሽ ዓሣ፣ ወይም ቀንድ አውጣ መሞከር ይቻላል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም ባሕር ዳርቻ ካለ ከተማ ያነሰ ነው። ቤታ ከላይ ስቦ ያመልጣል፣ ራስቦራ አይችልም። ስለዚህ ጓደኛ ካስገባችሁ የአየር ፓምፕ ጨምሩ። ባሕርይውም ይለያያል። እኔ ቀንድ አውጣ እንኳ የማይታገሥ ቤታ ነበረኝ፣ አንቴናውን እየጠበቀ ይነክሰዋል፤ ብቻውን ስተወው ተረጋጋ።

ጥቃቅን የሚመስሉት

ፊልተር አስፈላጊ ነው፣ ኃይለኛ ፍሰት ግን ረጅም ክንፍ ያለውን ዓሣ ያደክመዋል። ጥግ ይዞ የማይንቀሳቀስ ከሆነ የውሃ መውጫው ላይ ስፖንጅ ሸጉጡበት። የፕላስቲክ አበባና ሹል ጌጥ ክንፉን ይቀደዋል። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ አሮጌ ስቶኪንግ ውሰዱና ጌጡ ላይ ጎትቱት፣ ከያዘው ክንፉንም ይይዘዋል። እውነተኛ ተክል ይሻላል። አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ብዙ ብርሃን አይጠይቁም፣ ሰፊ ቅጠላቸው ላይም ይተኛል፣ እንደ አልጋ ጋደም ብሎ።

ክዳን አድርጉለት፣ ይዘላል። አንድ ጓደኛዬ ጠዋት ምንጣፍ ላይ ደርቆ አግኝቶታል። ግን ውሃውን እስከ አፍ አትሙሉ፣ ከክዳኑ በታች አየር የሚስብበት አራት ጣት ያህል ይኑር። መስኮት ሥር አታስቀምጡት፣ ቀን ፀሐይ ያፈላዋል፣ ማታ ብርድ ያገኘዋል፣ አልጌም ይወርሰዋል። ስትይዙት በመረብ ሳይሆን በኩባያ፣ መረብ ክንፍ ይተለትላል።

አረፋውን በስህተት መተርጎም

አንድ ጠዋት ጥግ ላይ እንደ ሳሙና አረፋ ያለ ነገር ተከማችቶ ታያላችሁ። ቆሻሻ መስሏችሁ አትጥረጉት፣ ጎጆ ነው። ወንዱ አየር እየሳበ በምራቁ ሸፍኖ አንድ በአንድ ይደረድረዋል። እንቁላል ሲኖር ደግሞ የሚወድቀውን በአፉ እየለቀመ ወደ አረፋው ይመልሳል፣ ሌት ተቀን ይጠብቃል። በአኳሪየም ካየሁት ሁሉ የዚህን ያህል ልቤን የነካው ነገር የለም።

ሰዉ ግን ከዚህ «ጎጆ ሠራ፣ ተመችቶታል ማለት ነው» የሚል መደምደሚያ ያወጣል። አይደለም። ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድ መሆኑን ብቻ ነው የሚናገረው። የኔ የመጀመሪያው ቀይ ቤታ ጠባቧ ሳህን ውስጥ ሆኖ ሁለት ጊዜ ሠርቷል። መስታወት ማሳየትም እንደዚሁ ነው። የስንጥቡን ክዳን ገልብጦ ጥቁር ጺም መሳይ ነገር ሲያወጣ ያምራል፣ ግን ጠላት ያየ መስሎት ነው። ደቂቃ ሁለት ደቂቃ ምንም አይልም፤ ከመስታወት ጋር ቀኑን ሙሉ ማዋል ግን ማሠቃየት ነው።

ሳያውቁ መድኃኒት መነስነስ

የክንፉ ጫፍ ሲበሰብስ ወይም ሰውነቱ ላይ ነጭ ነገር ሲታይ እጃችን ቶሎ ወደ ቴትራሳይክሊን፣ ወደ አንቲባዮቲክ እንክብል፣ ይሄዳል፤ ከፍቶ ውሃው ላይ መነስነስ። ቆዩ። በመጠን ያልተሰጠ አንቲባዮቲክ ዓሣውን ላያድን ይችላል፣ ፊልተር ላይ ያሉትን ባክቴሪያዎች ግን ሊጨርስ ይችላል። የክንፍ መበስበስ አብዛኛውን ጊዜ ከውሃ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ሙቀቱን እዩ፣ ከዚያ ሩብ ውሃ ቀይሩ፣ በማግስቱም ድገሙት። ብዙ ጊዜ በሳምንት ውስጥ በክንፉ ዳር ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ አዲስ ነገር ሲበቅል ታያላችሁ። ጨው የተነሰነሰበት ይመስል ሰውነቱን ነጭ ነጠብጣብ ሲያለብሰው ግን ሌላ በሽታ ነው፣ ጥገኛ ተሕዋስ ነው፣ ለሱ የተሠራ የራሱ መድኃኒት አለው።

ይሄን የምታነቡት ቤታ ዓሣችሁ ቡፌ ላይ በጠርሙስ ሳህን ውስጥ ሆኖ ከሆነ አትደንግጡ፣ በአንድ ቀንም ሁሉን አትለውጡ። ዛሬ ማታ ቴርሞሜትር አስገቡና ቁጥሩን እዩ። በባልዲ ውሃ ቀድታችሁ ክፍት አድርጋችሁ አሳድሩ። ነገ ሩቡን ቀይሩለት፣ ከዚያ ሂተርና ሰፋ ያለ ዕቃ ፈልጉ። የኔ የአሁኑ ሰማያዊ ነው። የመጣው ከእንደዚያ ያለ ሳህን ነው፣ ግራጫ ሆኖ፣ ክንፉን አጣብቆ። ውሃው 26 ላይ ከረጋ በአሥረኛው ቀን ክንፉን ዘረጋው።